የነጅሚያ ግንባር

በዳሪምባ መንደር ወለል የሚጠረገው በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰብሳቢው ደጃፍ ላይ ቆሞ እያየ ነው። ሸምሲያ አቧራውን ከጓዳ እየገፋች ደፉ ድረስ ታመጣዋለች፤ ሰብሳቢው ጎንበስ ብሎ በከረጢት ይቀበላታል፣ የቤቱን ቁጥር ይለጥፍበታል፣ አመስግኖ ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል። ከማበጠሪያ የተለቀመ ፀጉር ለብቻው ነው። የተቆረጠ ጥፍር ለብቻው። የአባቷ የሸህ ደሊል ታኝኮ የተተፋ ጫት ደግሞ ክዳን ባለው ብርጭቆ ይጠራቀማል፤ ምራቅ ስላለበት በየቀኑ ይወሰዳል። በዳሪምባ የሚጣል ነገር የለም።

ሸምሲያ ልጅ ሳለች እንዲህ አልነበረም። ያኔ በአምባው ላይ ቁልቋልና ግራር የዋጠው ጥንታዊ ከተማ መኖሩ ከሰማይ ታየ ተባለና ቆፋሪዎች መጡ። መጀመሪያ ድንጋዩ ተከለለ። ቀጥሎ በድንጋዩ ዙሪያ ያለው የማሽላ እርሻ ተከለለ። ከዓመታት በኋላ ከአሮጌው መስጊድ ጀርባ ከወንዶች መቃብር የወጣው አጥንት ከመንደሩ ወንዶች ጋር በዘር ተመሳከረ፤ የገጠሙትም ሰዎች ራሳቸው ተከለሉ። «ሕያው ቅርስ» የሚል ስም ተሰጣቸው። የፈረሰ ግድግዳ ይጠገንላቸዋል፤ ሐኪም ቤታቸው ድረስ ይመጣላቸዋል። ከመንደሩ መውጫ ግን አያልፉም። በጉብኝት ሰዓት በራቸው ክፍት ይሆናል፤ ቅርስ ከጎብኚ ጋር አይነጋገርም።

የሚበሉትም ተወስኗል። ሸህ ደሊል የተዛመዱት ሟች ጥርስ ላይ የማሽላና የጫት ቅሪት ስለተገኘ ማሽላና ጫት ይቀርብላቸዋል። ስኳር ስላልተገኘ ሻይ ያለ ስኳር እንዲጠጡ ተነገራቸው።

«ሻይስ ተገኝቶ ነው?» ብለው ሰብሳቢው ላይ ሳቁበት።

ሰብሳቢው አልሳቀም። በሚቀጥለው ሳምንት ሻዩም ቀረ።

ሸምሲያ ይህን ሁሉ ለምዳው ነበር። ያልለመደችው የወንድሟን የጁሃርን ነገር ነው። ጁሃር የተመዘገበ ነበር፤ በወባ ሞተ። ተገነዘ፣ ተሰገደበት፣ አልተቀበረም። ከአምባው ጥግ ወዳለው ቀዝቃዛ ቤት ወስደው ከዘመዱ አጥንት አጠገብ በመስታወት ስር አስተኙት። ሸምሲያ ወንድሟን ማየት ስትፈልግ ከጎብኚዎች ጋር ተሰልፋ ትገባለች። ፊቱ ላይ ብርሃን አለ። ለረጅም ጊዜ መቆም አይፈቀድም፤ ከኋላ ያለው ሰው ይገፋል። አፈር ያላገኘ ሰው ነፍሱ የት ታርፋለች ብላ አንድ ቀን አባቷን ጠየቀቻቸው። ሸህ ደሊል ለመናገር ከንፈራቸውን አላቀቁና መልሰው ዘጉት። እሳቸውም ተራቸውን እየጠበቁ መሆናቸው ትዝ ያላት ከጠየቀች በኋላ ነው።

እስከዚያ ድረስ ምዝገባው ሴቶችን አልነካም፤ የወጣው የወንዶች መቃብር ብቻ ስለነበረ የሚቆጠረው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርደው ነበር። ባለፈው ክረምት ጎርፍ አንድ እርከን ናደና የሴቶች መቃብር ወጣ። መስከረም ላይ የሸምሲያ ቤት መቃን ላይ ባለሙያ መጥቶ ሦስት ትንንሽ መብራቶች ተከለ፤ አንዱን ለሸህ ደሊል፣ አንዱን ለእሷ፣ አንዱን ለልጇ ለነጅሚያ። የሸህ ደሊል፣ የተመዘገቡ ናቸውና፣ ወዲያው በራ። ዓርብ ዕለት በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ፤ ከሰኞ ጀምሮ የዳሪምባ ሴቶች ሁሉ ናሙና ይሰጣሉ።

ነጅሚያ ሃያ ዓመቷ ነው። ኑረዲን የሚባል የኮምቦልቻ ልጅ አጭቷታል፤ ኒካው ለጥር ነበር። ሸምሲያ ልፈፋውን ሰምታ ወደ ጓዳ ገባችና ልጇን በክንዷ ይዛ ወደ ግድግዳው አስጠጋቻት።

«ነገ ትሄጃለሽ።»

«የት?»

«ወደ ባልሽ። ገበያ ከሚወርዱት ጋር ትወጫለሽ። ጥርሷን አሟታል፣ ሸዋሮቢት ልታስነቅል ነው እላለሁ። ከዚያ ኑረዲን ይወስድሻል፤ ልኬበታለሁ።»

«ጥርሴን?»

«ጉንጭሽን ያዝ አድርጊ። ከአሁን ጀምሪ።»

ነጅሚያ ሳቋ መጣ፤ የእናቷን ፊት ስታይ ጠፋ። ለአንድ ቀን የሚወጣ ያልተመዘገበ ሰው ግንባሩን ተጠርጎ ያልፋል። ጠቅልሎ ለመሄድ ግን ማጣሪያ አለ፤ ማጣሪያው ደግሞ ያው ናሙና ነው። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ።

«አባባስ?» አለች ነጅሚያ።

«አይሰሙም።»

«ሳልሰናበታቸው?»

«ሳትሰናበቺያቸው። እሳቸው በሩ ላይ ተቀምጠው ላለፈው ጎብኚ ሁሉ ያለፈ ያገደመውን የሚያወሩ ሰው ናቸው። ስንት ጊዜ ተቀጡበት? አስጎብኚዋ ‹ኧረ ሸህ፣ ዝም ይበሉ› እያለች እንኳ የበጓን መውለድ ይነግሯታል። ነገ ‹ልጄ ሙሽራ ሆና ሄደች› ብለው ቢናገሩ ምን እንሆናለን?»

«ዱአ ሳያደርጉልኝ፣ እማ?»

በዚያ አገር ሴት ልጅ ያለ ምርቃት ከቤት አትወጣም፤ ወደ ባሏ የምትሄድማ ጭራሽ። ሽማግሌው ጫታቸውን እያኘኩ መዳፋቸውን ዘርግተው ይለምናሉ፤ በመጨረሻ ግንባሯ ላይ እንትፍ እንትፍ ይላሉ፤ ያ እርጥበት ሳይጠረግ በራሱ ይደርቃል። ሸምሲያም እንዲያ ነው የወጣችው። ባሏ ሞቶ ወደ አባቷ ቤት ስትመለስ እንኳ የዚያ ቀን ቅዝቃዜ ግንባሯ ላይ ያለ ይመስላት ነበር።

«እኔ አደርግልሻለሁ» አለች። «ሽማግሌ ባልሆንም።»

በማግስቱ ገና ሲነጋ ነጅሚያን ጓዳ ውስጥ፣ ከውጭ በመጣ የጀሪካን ውሃ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግሯ አጠበቻት። ገበያ የሚወርድ ሁሉ እንዲህ ይታጠባል፤ ከተመዘገበ ሰው ጋር የሚኖር ደግሞ ይበልጥ። በአዲስ ፎጣ አደረቀቻት፣ አዲስ ቀሚስ አለበሰቻት፣ ሙሽራ እንዳትመስል ከላዩ የታጠበ አሮጌ ሻሽ አሰረችላት። ጫማዋም አዲስ ነው፤ አሮጌው የግቢውን አፈር ይዟል።

«አሁን ምንም አትንኪ። ግድግዳም። መጋረጃም።»

የእጣቢውን ውሃ ወደ ማጠራቀሚያው ልትደፋ ወጣች። ማጠራቀሚያው ሞልቶ ስለነበር የታችኛው ጎረቤት ድረስ ሄደች። ስትመለስ ነጅሚያ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሻሹን እስከ ቅንድቧ ዝቅ አድርጋ አስራዋለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ሸህ ደሊል መደባቸው ላይ ተቀምጠው እንደ ልማዳቸው ያኝካሉ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ሸምሲያ የልጅቱን ዓይን አይታ «አይዞሽ» አለቻት እንጂ ሌላ ነገር አልጠረጠረችም።

መውጫው ከመንደሩ ዳር፣ ሁለት የድንጋይ ግንብ በሚገናኙበት ጠባብ ቦታ ነው። ሴቶቹ ዘንቢላቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። አስናቀ የሚባለው ጠባቂ፣ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ አንድ በአንድ ግንባራቸውን በነጭ ጨርቅ ይጠርጋል፤ ጨርቁን ማንበቢያው ላይ ያስቀምጣል፤ አረንጓዴ ሲበራ ጨርቁን እዚያው ፊታቸው ትንሽዬ ምድጃ ውስጥ ይጥለዋል። ያልተመዘገበ ሰው ጨርቅ አይቀመጥም፤ ሕጉ ነው። ቀይ ከበራ ግን የተመዘገበ ሰው ወይም የሱ የሆነ ነገር እየወጣ ነው ማለት ነውና በሩ ይዘጋል፤ በዚያ ሰዓት ሰልፍ ላይ ያለው ሰውም ናሙና ሳይሰጥ አይለቀቅም። አንዴ የተሰለፈ ደግሞ ወደ ኋላ አይመለስም፤ የሸሸ ይያዛል።

«አስናቀ!» አለች ሲቲና፣ ከፊት ያለች ወፍራም ሴት፣ «ግንባሬን ጠርገህ ጠርገህ ዕድሌን ጨረስከው።»

«እትዬ ሲቲና፣ የአንቺ ግንባር ሜዳ ነው፤ እኔ ዳሩንም አልጨረስኩ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ነጅሚያም ሳቀች፤ ስትስቅ ሻሿ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ሸምሲያ ልታስተካክልላት እጇን ስትሰድ አየችው።

ከፀጉሯ ሥር፣ ከግንባሯ ጫፍ ላይ፣ ጥፍር የማያህል አረንጓዴ ቅጠል ተለጥፏል። ዙሪያው ደርቆ ያብረቀርቃል።

የሸምሲያ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ምንድን ነው ያደረግሽው?» አለች በሹክሹክታ።

ነጅሚያ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ፊቷ ነጣ። «እማ… እሳቸው ናቸው የጠሩኝ። አውቀው ነበር። ‹ነይ እስኪ፣ እናትሽ ሳትመጣ› አሉኝ። እንዴት እምቢ እላለሁ?»

«ታጥበሻል እኮ። ታጥበሽ ነበር እኮ፣ ልጄ።»

«ልጥረገው?»

«እንዳትነኪው!»

ከሰልፉ በላይ የተተከለው የካሜራ ዓይን ግንባሩን የሚያሻሽ ሰው ሲያይ ይጮሃል። ቢጠረግም የደረቀ ምራቅ በጣት አይለቅም። ሸህ ደሊል በልጅ ልጃቸው ግንባር ላይ ሆነው ወደ መውጫው እየሄዱ ነበር። ከፊታቸው አራት ሴቶች ቀርተዋል። ሸምሲያ ጁሃር የተኛበት መስታወት ታያት፤ ከጁሃር ጎን ያለው ባዶ ቦታ ታያት፤ እዚያ ላይ የሚወድቀው ብርሃን ታያት። ከኋላ የሚገፋው ሰልፍም።

ያን ጊዜ ያለፈው ክረምት ትዝ አላት። ሲቲና ሕፃን የልጅ ልጇን አዝላ ነበር፤ ሕፃኑ ከፊቷ እስከ አንገቷ ለሐጩን አዝረክርኮባት ማንበቢያው ቢጫ በራ። «ድብልቅ» ይላል፤ ብዙ ምራቅ ሲቀላቀልበት የማን እንደሆነ ወዲያው አይለይም። አስናቀ መመሪያውን አገላብጦ ፊቷን አሳጠባትና እንደገና ጠረጋት፤ አረንጓዴ ሆነ። ሸምሲያ የምታስታውሰው እስከዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውንም ታውቃለች፤ የመጀመሪያው ጨርቅ ወደ ምድጃው አልገባም፣ በከረጢት ታሰረ፤ ሕፃኑም ጨርቁ እስኪጣራ ከመንደሩ አልወጣም። ይህን ግን በዚያች ደቂቃ ልታስታውሰው አልፈለገችም።

«እናቶቼ!» ብላ ጮኸች። ድምጿ ሰበር ያለ ነበር። «ልጄ ጥርሷን ልታስነቅል ነው፤ ፈርታለች። ዱአ አድርጉላት። መርቁልኝ!»

ሰልፉ ዞረ። ሲቲና ዓይኗን አጥብባ አየቻት።

«ለጥርስ? ኧረ አንቺ ሴት፣ ክራንቻዋን ነው ወይስ አንገቷን ነው የሚ…» ዓይኗ የነጅሚያ አዲስ ጫማ ላይ አረፈ። ከጫማው ወደ ፊቷ ወጣ፤ ከፊቷ ወደ ቅጠሉ። ትንፋሿን ስባ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች።

«ዛሬም ገበያ የለማ» አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ። ከዚያ መዳፏን ዘረጋች። «አላህ ያሽርሽ። መንገድሽን ያቅናው። ወጥተሽ ግቢ…» ቆም አለች። «ወጥተሽ ቅሪ። እንትፍ! እንትፍ!»

ነጅሚያ ግንባሯን ዝቅ አደረገች። ሁለተኛዋ ሴት መጣች፤ ሦስተኛዋ መጣች። ምርቃት የተለመነ ሰው አይከለክልም፤ ደግሞ ሁሉም ገብቷቸዋል። «ክፉ አይይሽ።» እንትፍ። «ዘር ይስጥሽ።» እንትፍ። ሸምሲያም ከመካከላቸው ገብታ የልጇን ራስ በሁለት እጇ ያዘች፤ የምትለው ሁሉ ጠፍቷት «ልጄ፣ ልጄ» ብቻ እያለች እንትፍ አለችባት።

የቀረችው ሐዋ ነበረች፤ ጎረቤታቸው፣ ድርስ እርጉዝ፣ ባሏ የተመዘገበ። ጥቅሏን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። አልተንቀሳቀሰችም።

«ሐዋ» አለች ሸምሲያ።

ሐዋ ወደ መውጫው አየች። ሆዷን በአንድ እጇ ዳሰሰች። ሸምሲያ ለምን እንደዘገየች አልገባትም፤ አንድ ሰው ቢጎድል ለማንበቢያው ልዩነት ያመጣ አያመጣ እንደሆነም አታውቅም፤ ብቻ ሁሉንም ፈለገቻቸው።

«በሞቴ፣ ሐዋ።»

ሐዋ መጣችና ልጅቱን ሳመቻት። «ሁለት ሆነሽ ተመለሺ አይባልም፤ ሁለት ሆነሽ እዚያው ኑሪ» አለቻት በጆሮዋ። ከዚያ እንትፍ አለች።

ሴቶቹ ተራቸውን ለነጅሚያ ለቀቁላት፤ አስናቀ ግንባሯን የጠረገበትን ጨርቅ ማንበቢያው ላይ ሲያሳርፍ ቢጫ በራ።

«ምን አደረጋችሁኝ እናንተ ሰዎች!» አለ። ማንበቢያውን መታ መታ አደረገው። «ድብልቅ ነው የሚለው። ሰባት ሰው አለበት። ለአንዲት ጥርስ?»

«የኛ ልማድ ነው» አለች ሲቲና። «አንተ አገር ሰው ሲታመም ዝም ብላችሁ ነው የምታዩት?»

አስናቀ ሸምሲያን አያት። ነጅሚያ ጉንጯን ይዛለች፤ እንባዋ በጣቶቿ መሃል ይወርዳል፤ በእርግጥም ጥርሷን ያመማት ትመስላለች። ሰልፉ ረዝሟል። ራሱን ነቀነቀ።

«ታጠቢ። በሳሙና። አጥብቀሽ እሺ።»

ነጅሚያ በግንቡ ሥር ካለው ቧንቧ ግንባሯን ፈተገች። ሸምሲያ አረንጓዴው ነጥብ በእጣቢው ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ወደ ቦዩ ሲወርድ አየችው፤ የአባቷ ምርቃት ሄደ። አስናቀ በአዲስ ጨርቅ ጠረጋት። ማንበቢያው ቆየ። አረንጓዴ በራ፤ ጨርቁ ምድጃው ውስጥ ገባ፤ በሩ ተከፈተ።

«ሂጂ» አለ አስናቀ። «ማታ አፍሽ አብጦ እንዳላይሽ።»

ልጅቱ ወጣች። ወደ ኋላ እንዳትዞር ተነግሯት ነበር፤ አልዞረችም። የገበያው መኪና ከግንቡ ወዲያ ሲነሳ ተሰማ።

ሸምሲያ ልትቀመጥ ስትል ከግንቡ ላይ የሴት ድምፅ ያለው መሣሪያ ተናገረ፤ በትሕትና። የድብልቁ ጨርቅ ተይዟል። ዱካቸው በጨርቁ ላይ ያለ ነዋሪዎች እስኪጣራ ድረስ ከመንደሩ አይወጡም። ስለ ትብብራችሁ እናመሰግናለን። በሩ ተዘጋ። አስናቀ የመጀመሪያውን ጨርቅ በከረጢት አስሮ ቁጥር ለጠፈበት። ሴቶቹ ዘንቢላቸውን አነሱ።

ሐዋ ልትዞር ስትል ጥቅሏ ላላና አንድ ነገር ወደቀ። ሸምሲያ አነሳችላት። በሹራብ ክር የተሠራች፣ ጭብጥ የምታህል የሕፃን ቆብ ነበረች። ከጥቅሉ አፍ ሌሎች ነገሮችም ይታያሉ፤ ጡጦ፣ አዲስ ነጠላ፣ ትንንሽ ካልሲ። ገበያ የሚወርድ ሰው የሚይዘው ጥቅል አልነበረም።

ሸምሲያ ቆቧን ይዛ ቀረች።

«አንቺም?» አለች። «ሐዋ፣ አንቺም? ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?» አለች ሐዋ። ቆቧን ተቀብላ በጥንቃቄ አጠፈቻት። «መኪናው ሄደ?»

«ሄደ።»

«አልሃምዱሊላህ» አለችና ሆዷን ደግፋ ወደ ዳገቱ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ሸምሲያ ከእንቅልፏ ስትነሳ የበሩ መቃን ላይ ሁለተኛዋ መብራት በርታ ነበር። ጨርቁ ተነቧል ማለት ነው፤ ሦስተኛዋ ግን ባለቤቷ ከመንደሩ ስለሌለች አልበራችም። ከመንገዱ ማዶ የሐዋ ቤት መቃን ላይም በርቷል፤ ባለሙያው መሰላል አቁሞ ከሥሩ አንድ አዲስ መብራት ይተክላል፤ ለሚመጣው።

በዚያው ቀን ረፋድ ላይ አስጎብኚዋ ጎብኚዎቿን ይዛ መጣች። ሸምሲያ በተባለችው ቦታ፣ ከአባቷ ጎን፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሰዎቹ ጎንበስ እያሉ አዩአት። አንዱ ፊቷን ከእጁ ላይ ካለ የራስ ቅል ምስል ጋር ያስተያያል።

«የጉንጯን አጥንት ተመልከቱ» አለች አስጎብኚዋ። «ሴትየዋ ከተቀበረች ስድስት መቶ ዓመት አልፏታል። ይህች ደግሞ በእናት መስመር…»

«ልጅ አላት?» አለች አንዲት ጎብኚ።

አስጎብኚዋ መቃኑን አየች። ሦስተኛዋ መብራት ጨልማለች። በእጇ ከያዘችው መሣሪያ የሆነ ነገር አነበበች፤ ቅንድቧ ተሰበሰበ። ጎብኚዎቹ ዞር ሲሉ ወደ ደፉ ቀረበችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እትዬ ሸምሲያ፣ ነጅሚያ ቅዳሜ ወጥታ አልተመለሰችም ይላል። የት ነው ያለችው?»

ቅርስ አይናገርም። ሸምሲያ ፊት ለፊቷ ያለውን ግድግዳ አየች።

አስጎብኚዋ ፈገግ ብላ ወደ ሽማግሌው ዞረች፤ ጎብኚ ባዩ ቁጥር ዝም ማለት የማይችሉት እሳቸው ናቸው።

«አባባ፣ እርስዎ ይንገሩኝ እስቲ። የልጅ ልጅዎ የት ሄደች?»

ሸህ ደሊል ቀና አሉ። ዓይናቸው በራ፤ ሰው ሲያናግራቸው ሁልጊዜ እንደሚሆነው። አፋቸውን ከፈቱ። የሸምሲያ ጣቶች የቀሚሷን ጨርቅ ጨመደዱ። ሽማግሌው ልጃቸውን አዩ፤ ከልጃቸው ወደ መቃኑ፣ ወደ ጨለመችው መብራት ተሻገሩ፤ እዚያ ላይ ብዙ ቆዩ።

አፋቸውን ዘጉ። ማኘካቸውን ቀጠሉ። ሲበቃቸው ያኘኩትን ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ ተፍተው፣ ክዳኑን ገጥመው፣ ለአስጎብኚዋ ዘረጉላት።